የሰው ድምፅ በጥቂት ቍጥር ስለ መላኩ

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ

ሰው ከሌላው ፍጥረት ተለይቶ ከሚታወቅባቸው ነገሮች አንዱ ንግግሩ ነው። ንግግሩን ከሩቅ አገር ለማድረስም ከጥንት ጀምሮ ሲደክም ኖሯል። ዐዋጅ በነጋሪት ተነገረ፤ መልእክት በፈረሰኛና በእግረኛ ተላከ፤ በመጨረሻም ቴሌፎን ተፈለሰፈ። ዛሬ አዲስ አበባ ያለች እናት ዋሽንግተን ወይም ቤይሩት ካለች ልጅዋ ጋራ በእጅ ስልክ ስትነጋገር ነገሩ የዕለት ተዕለት ስለ ሆነ ማንም አይደነቅበትም። የልጅዋን ድምፅ በሰማች ጊዜ «ጕንፋን ይዞሻል እንዴ?» ትላለች እንጂ «ይህ ድምፅ እንዴት እዚህ ደረሰ?» ብላ አትጠይቅም።

ነገር ግን በእጅ ስልክ የምንሰማው ድምፅ ከተናጋሪው አፍ የወጣው ድምፅ ራሱ አይደለም። በዚያኛው ጫፍ ያለው መሣሪያ ድምፁን መርምሮ የተናጋሪው ጕሮሮና አፍ በዚያች ቅጽበት እንዴት እንደ ነበሩ የሚገልጹ ጥቂት ቍጥሮችን ይልካል፤ በዚህኛው ጫፍ ያለው መሣሪያ ደግሞ ቍጥሮቹን እያነበበ ድምፁን እንደ ገና ይሠራዋል። እንግዲህ እናቲቱ የምትሰማው በቍጥር ትእዛዝ እንደ አዲስ የተሠራ ድምፅ ነው። ሆኖም የልጅዋን ጕንፋን ታውቅበታለች። የሚያስደንቀውም ይህ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ይህ ጥበብ እንዴት እንደ ተጀመረ፥ በምን ዐይነት እንደሚሠራና ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ምን ጥያቄ እንደሚያስነሣ ባጭሩ ለማስረዳት እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በሽቦውና በፊደሉ መካከል

በመጀመሪያ ነገሩን በሒሳብ እንመልከተው። ድምፅ የአየር መንቀጥቀጥ ነው። የስልኩ ማይክሮፎን ይህን መንቀጥቀጥ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል። ኤሌክትሪኩን ወደ ቍጥር ለመለወጥ ደግሞ መጠኑን እየደጋገሙ መለካት ያስፈልጋል። በተለመደው የቴሌፎን አሠራር በአንድ ሴኮንድ 8,000 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱም ልክ በ8 ቢት ይጻፋል። ቢት ማለት መልሱ «አዎን» ወይም «አይደለም» ብቻ የሆነ አንድ ጥያቄ ማለት ነው። አንድ ቢት ሁለት ነገሮችን ይለያል፤ ሁለት ቢት አራት፥ ሦስት ቢት ስምንት፥ እንዲህ እያለ ስምንት ቢት 256 ነገሮችን ይለያል። ስለዚህ 8,000 በ8 ሲባዛ ተራ የቴሌፎን ድምፅ በያንዳንዱ ሴኮንድ 64,000 ቢት ይፈጃል ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ያንኑ ንግግር በጽሕፈት ብንልከው ምን ያህል እንደሚፈጅ እናስላ። የፊደል ገበታችን 33 ተራ አለው፤ እያንዳንዱም ተራ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ 7 ዐይነት ነው፤ ጠቅላላው 231 ይሆናል። ይህ ከ256 ስለሚያንስ አንዱን ፊደል ከሌላው ለመለየት 8 ቢት ይበቃል። ተናጋሪው በሴኮንድ 6 ፊደል ያህል ይናገራል ብንል የሚያስፈልገው 48 ቢት ብቻ ነው። 64,000 ለ48 ሲካፈል ከ1,300 ይበልጣል።

ንግግሩ አንድ ሆኖ ሳለ ይህ ሁሉ ልዩነት ከየት መጣ? መልሱ ሁለት ነው። አንደኛ፥ ፊደሉ የተባለውን ይነግረናል እንጂ ማን እንዳለው፥ በደስታ ይሁን በኀዘን፥ በጤና ይሁን በሕመም እንዳለው አይነግረንም። «ደኅና ነኝ» የሚለው ቃል በወረቀት ላይ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ በአፍ ሲነገር ግን እናት «የለም፥ ደኅና አይደለሽም» ብላ ልትመልስ ትችላለች። ሁለተኛ፥ ሽቦው በውስጡ የሚያልፈው የሰው ድምፅ ብቻ መሆኑን አያውቅም። የውሻ ጩኸትም፥ በቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብም፥ የከበሮ ምትም ቢመጣ እኩል ለማሳለፍ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። የመጀመሪያው ሀብት ነው፤ ሁለተኛው ብክነት ነው። የዚህ ጥበብ ዓላማ ብክነቱን አስወግዶ ሀብቱን ማስቀረት ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን አስፈለገ ቢሉ፥ መንገዱ ሁልጊዜ ሰፊ ስላልሆነ ነው። በሬዲዮ የሚላክ ድምፅ የሚያልፍበትን የአየር ሞገድ ብዙ ሰዎች ይካፈሉታል። እያንዳንዱ ተናጋሪ ከድርሻው ግማሹን ቢተው እጥፍ ሕዝብ ሊነጋገርበት ይችላል። እንዲሁም ከመርከብ፥ ከበረሓ ወይም ከተራራ ጫፍ በደካማ ሬዲዮ ለሚጣራ ሰው ጥቂት ቢት ብቻ የሚያሳልፍ ቀጭን መንገድ በሕይወትና በሞት መካከል የሚለይ ሊሆን ይችላል።

የሰው አፍና መሰንቆ

ብክነቱን ለማስወገድ የሰው ድምፅ እንዴት እንደሚፈጠር ማወቅ ግዴታ ነው። ለምሳሌ መሰንቆን እንውሰድ። የፈረስ ጭራው ክር በደጋኑ ሲታሸት ይንቀጠቀጣል፤ ነገር ግን ክሩ ብቻውን ቢሆን ድምፁ እጅግ ደካማ ነው። በቆዳ የተሸፈነው ሣጥን ያንን መንቀጥቀጥ ተቀብሎ አንዱን አጕልቶ፥ ሌላውን አድክሞ፥ «ይህ መሰንቆ ነው» የምንለውን ድምፅ ያወጣል።

በሰውም እንዲሁ ነው። ከሳንባ የሚወጣው አየር በማንቍርት ውስጥ ያሉትን ሁለት የድምፅ አውታሮች ያንቀጠቅጣል። አውታሮቹ በጐልማሳ ወንድ በሴኮንድ ከ100 ጊዜ ጥቂት በልጠው፥ በሴት ወደ 200 ጊዜ ያህል፥ በሕፃናት ከዚያም በላይ ይንቀጠቀጣሉ። የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት የሚወስነው ይህ ነው። ከዚያ በኋላ ድምፁ በጕሮሮ፥ በአፍና በአፍንጫ ያልፋል። ይህ መተላለፊያ በጐልማሳ ወንድ ከአውታሮቹ እስከ ከንፈር 17 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ሥራውም እንደ መሰንቆው ሣጥን ነው። በፊዚክስ እንደ ተማርነው፥ በአንድ ጫፉ የተዘጋ የ17 ሴንቲ ሜትር ቧንቧ በሴኮንድ 500፥ 1,500ና 2,500 ያህል የሆኑትን ንዝረቶች ያጐላል። ምላሳችንን ስናነሣና ስናወርድ፥ ከንፈራችንን ስናሾል የቧንቧው ቅርጽ ስለሚለወጥ እነዚህ ቍጥሮችም ይለወጣሉ። «ኢ» ከ«ኡ» የሚለየው በዚህ ነው፤ የድምፅ አውታሮቹ ግን ለሁለቱም ያንኑ ሥራ ይሠራሉ።

አንድ ነገር ደግሞ አንባቢ ራሱ ሊፈትነው ይችላል። ጣቱን በማንቍርቱ ላይ አድርጎ «ስስስ» ቢል ምንም አይሰማውም፤ «ዝዝዝ» ቢል ግን መንቀጥቀጡ ጣቱን ይነካዋል። ስለዚህ የንግግር ምንጭ ሁለት ነው፤ አንዱ የአውታሮቹ ምት ነው፤ ሁለተኛው አየር በጠባብ ቦታ ሲያልፍ የሚያሰማው የነፋስ ድምፅ ነው። ምንጩንና ቧንቧውን ለየብቻ የመመርመር ትምህርት ስዊድናዊው ጉናር ፋንት በ1960 ባሳተመው መጽሐፍ በሰፊው ተብራርቷል።

ከሁሉ የሚበልጠው ቍም ነገር ግን ይህ ነው። አየሩ በሴኮንድ በመቶና በሺህ ጊዜ ይንቀጠቀጣል፤ ምላስ፥ ከንፈርና መንጋጋ ግን ሥጋ ስለ ሆኑ ዝግተኞች ናቸው፤ በሴኮንድ ጥቂት ጊዜ ብቻ ቦታቸውን ይለውጣሉ። እንግዲያውስ ፈጣኑን አየር ከመከተል ዝግተኛውን ምላስ መከተል ይቀላል። የዚህ ጥበብ ሁሉ መሠረት ይህ አንድ ሐሳብ ነው።

ከወናፍ እስከ ጦርነቱ ቴሌፎን

የሰውን አፍ አስመስሎ ለመሥራት የተደረገው ሙከራ ከኤሌክትሪክ በፊት የተጀመረ ነው። በቪየና ቤተ መንግሥት ያገለግል የነበረው ቮልፍጋንግ ፎን ኬምፔለን የሚናገር መሣሪያ ሠርቶ አሠራሩን በ1791 በመጽሐፍ አሳተመ። በሳንባ ፈንታ ወናፍ፥ በድምፅ አውታር ፈንታ የሚርገበገብ ቀጭን ምላስ፥ በአፍ ፈንታ በእጅ የሚሸፈንና የሚገለጥ የጐማ ቀንድ ነበረው። ይህን መሣሪያ አስመስሎ እንግሊዛዊው ቻርልስ ዊትስቶን ሌላ ሠራ፤ ያንንም አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በወጣትነቱ አይቶት ነበር። ቤል በኋላ ቴሌፎንን የፈለሰፈው ሰው ነው።

በኤሌክትሪክ ዘመን ሐሳቡን ያነሣው በአሜሪካ ቤል ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ሆመር ዱድሊ ነው። ዱድሊ በ1928 ሥራውን ጀመረ። ድምፁን እንደ እህል በወንፊት ለየው፤ ወፍራሙን በአንድ፥ ከዚያ ቀጠን ያለውን በሌላ፥ እንዲህ እያለ በ10 የኤሌክትሪክ ወንፊቶች አሳለፈው። በየወንፊቱ ውስጥ ያለፈው ድምፅ ምን ያህል ብርቱ እንደ ሆነ ብቻ ለካ፤ ከዚህም ጋራ የድምፅ አውታሮቹ ይንቀጠቀጡ እንደ ሆነና በምን ፍጥነት እንደሚንቀጠቀጡ መዘገበ። ድምፁን ራሱን ግን አልላከም። በሌላው ጫፍ ያለው መሣሪያ የራሱን ምትና የራሱን ነፋስ ፈጥሮ በተነገረው ብርታት መጠን በ10ሩ ወንፊቶች አሳለፈው፤ ንግግርም ሆነ። መሣሪያው ቮኮደር ተባለ።

የዚህ ዘመድ የሆነው ቮደር የሚባለው መሣሪያ በ1939 በኒው ዮርክ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ለሕዝብ ታየ። ቮደር ሰው ሲናገር አይሰማም ነበር፤ የሠለጠነች ሴት እንደ ፒያኖ ቍልፎቹን በጣትዋ እየነካች፥ የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት በእግርዋ እየለወጠች ታናግረው ነበር። አንድ ሰው በአሥር ጣትና በአንድ እግር ንግግርን መሥራት መቻሉ የዱድሊን ሐሳብ እውነተኛነት አሳየ። ጣትም እንደ ምላስ ዝግተኛ ነውና።

ከዚያም ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። በአሜሪካና በእንግሊዝ መሪዎች መካከል በአትላንቲክ ላይ የሚደረገውን የሬዲዮ ንግግር ጠላት ሊያዳምጠው ይችል ነበር። ስለዚህ ሲግሳሊ የተባለ ምስጢራዊ ቴሌፎን ተሠርቶ በጁላይ 15 ቀን 1943 በዋሽንግተንና በለንደን መካከል ሥራ ጀመረ። የየወንፊቱ ብርታት በሴኮንድ 50 ጊዜ እየተለካ ከ6 ደረጃዎች በአንዱ ይመደብ ነበር። በዚያ ላይ በሸክላ የተቀረጹ፥ ያለ ሥርዐት የተመረጡ ቍጥሮች ይደመሩበታል፤ በሌላው ጫፍ ደግሞ ያው ሸክላ በአንድ ጊዜ እየዞረ ቍጥሮቹ ይቀነሳሉ። ሸክላው የሌለው ሰው ከነፋስ ድምፅ በቀር የሚሰማው አልነበረም። ድምፁ በቍጥር ባይሆን ኖሮ እንዲህ ያለ መደመርና መቀነስ ባልተቻለም ነበር። ይሁን እንጂ ዋጋው ቀላል አልነበረም፤ የአንዱ ጫፍ መሣሪያ ብቻ ከ50 ቶን በላይ ይመዝን ነበር። ቃሉ ይሰማል፤ የተናጋሪውን ማንነት ከድምፁ ለይቶ ማወቅ ግን ያስቸግር ነበር።

ዥዋዥዌና ግምት

ከ20 ዓመት በኋላ አዲስ መንገድ ተገኘ። በጃፓን ፉሚታዳ ኢታኩራና ሹዞ ሳይቶ በ1966፥ በአሜሪካ ደግሞ ሕንዳዊው ቢሽኑ አታልና ጀርመናዊው ማንፍሬድ ሽሮደር በ1967 አንድ ዐይነት ሐሳብ ለየብቻቸው አቀረቡ። ሐሳቡ የሚመጣውን የድምፅ ልክ ካለፉት ልኮች መገመት ነው።

በዥዋዥዌ የሚጫወት ልጅ እናስብ። የገመዱን ርዝመት የሚያውቅና ዥዋዥዌው ባለፉት ጥቂት ቅጽበቶች የት የት እንደ ነበረ ያየ ሰው ቀጥሎ የት እንደሚደርስ መናገር ይችላል። የማያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ገፊው መቼና በምን ኀይል እንደሚገፋ ነው። በንግግርም የአፍ ቧንቧ እንደ ገመዱ፥ የድምፅ አውታሮች ደግሞ እንደ ገፊው ናቸው። አሠራሩም የሚከተለው ነው። ያለፉት 10 ልኮች እያንዳንዳቸው በአንድ ቍጥር ይባዙና ይደመራሉ፤ ድምሩ የሚቀጥለው ልክ ግምት ይሆናል። 10ሩ ማባዣዎች የሚመረጡት የግምቱ ስሕተት ከሁሉ ያነሰ እንዲሆን ነው። ከዚህ የሚገኘው ትርፍ ደግሞ ትልቅ ነው፤ 10ሩ ማባዣዎች የቧንቧውን ቅርጽ ይገልጻሉና። ቧንቧውን በ10 ቀለበት ከፍሎ የእያንዳንዱን ስፋት እንደ መናገር ያህል ነው።

በ1984 በአሜሪካ መንግሥት የጸደቀው ደንብ የዚህ አሠራር ጥሩ ምሳሌ ነው። ንግግሩ በ22.5 ሚሊ ሴኮንድ እየተቈረጠ ለእያንዳንዱ ቍራጭ 54 ቢት ይሰጠዋል። ከ54ቱ 41ዱ ለቧንቧው ቅርጽ፥ 7ቱ ለድምፅ አውታሮቹ ፍጥነትና መንቀጥቀጣቸውን ለመግለጽ፥ 5ቱ ለብርታቱ፥ 1ዱ ሁለቱ መሣሪያዎች ተራ እንዳይሳሳቱ ለማስተባበር ይውላል። ያው ቍራጭ በተራው የቴሌፎን አሠራር ቢጻፍ 180 ልክ በ8 ቢት ተባዝቶ 1,440 ቢት በፈጀ ነበር። ስለዚህ በሴኮንድ የሚላከው ከ64,000 ወደ 2,400 ቢት ወረደ።

በዚህ ዐይነት ድምፅ መንገዱ ተከፈተለት። በዲሴምበር 1974 ለኢንተርኔት መሠረት በሆነው አርፓኔት በተባለው የኮምፒዩተሮች መረብ ላይ፥ በካሊፎርኒያና በማሳቹሴትስ መካከል በሴኮንድ 3,500 ቢት ብቻ በመላክ ሰዎች ተነጋገሩ። በ1978 ደግሞ ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ የተባለው ኩባንያ ለሕፃናት የቃላት አጻጻፍ የሚያስተምር የሚናገር መጫወቻ ሠራ፤ የሚናገረው ክፍል ከጥፍር በማትበልጥ ሲሊኮን ላይ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ 50 ቶን የፈጀው ጥበብ በ35 ዓመት ውስጥ በሕፃን እጅ ገባ ማለት ነው።

አንድ ዜማ የሚያውቁ ሁለት ደብተራዎች

ይሁንና ይህ ድምፅ ጕድለት ነበረው። እንደ ንብ ይጮኻል፤ ስሜት የለውም። ምክንያቱን ለማወቅ ወደ «ዝ» እንመለስ። «ዝ» ስንል አውታሮቹም ይንቀጠቀጣሉ፥ ነፋሱም ይሰማል፤ ሁለቱም ባንድነት አሉ። መሣሪያው ግን «ምት ነው ወይስ ነፋስ?» ብሎ አንዱን ብቻ እንዲመርጥ ታዟል። የሰው ጕሮሮም እንደ ሰዓት እኩል አይመታም፤ ሲደክመው፥ ሲያለቅስና ሲስቅ ይዛነፋል። ከ54 ቢት 41ዱን ለቧንቧው የሰጠው መሣሪያ ለዚህ መዛነፍ ቦታ አላስቀረለትም።

አታልና ሽሮደር በ1985 ያቀረቡት መፍትሔ ለእኛ አገር ሰው በቀላሉ ይገባል። በቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ ከቃሉ በላይ ትንንሽ ምልክቶች ተጽፈዋል። አንዲት ምልክት አንድን ሙሉ የዜማ ክፍል ታመለክታለች። ዜማው በምልክቷ ውስጥ የለም፤ በደብተራው ልብ ውስጥ ነው። ጸሓፊውና አንባቢው አንድ ትምህርት ስለ ተማሩ ጥቂት ጽሕፈት ብዙ ዜማን ይተካል። አታልና ሽሮደርም እንዲሁ አደረጉ። ለላኪውና ለተቀባዩ 1,024 የግፊት ዐይነቶች የያዘ አንድ ዐይነት መዝገብ ሰጡ። ላኪው ለእያንዳንዷ 5 ሚሊ ሴኮንድ እነዚህን ሁሉ እየሞከረ በቧንቧው ያሳልፋቸዋል፤ ከእውነተኛው ንግግር ጋራ ለጆሮ እጅግ የተቀራረበውን ይመርጥና ቍጥሩን ብቻ ይልካል። 1,024 ነገሮችን ለመለየት 10 ቢት ይበቃል። ሥራው ግን እጅግ አድካሚ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ከታወቁት ኮምፒዩተሮች ሁሉ ፈጣን ከነበሩት አንዱ የአንድ ሴኮንድ ንግግር ለማዘጋጀት ከ2 ደቂቃ በላይ ይፈጅበት ነበር። ዛሬ ይህንኑ የሚመስል ሥራ በኪሳችን ያለው ስልክ ሳንታክት በተናገርን ቍጥር ይሠራዋል።

ከ1991 ጀምሮ በዓለም የተስፋፋው ጂ.ኤስ.ኤም. የተባለው የእጅ ስልክ አሠራር የመጀመሪያ ደንቡ በሴኮንድ 13,000 ቢት ነበር። በየ20 ሚሊ ሴኮንዱ ከሚላኩት 260 ቢት ለቧንቧው የሚውለው 36ቱ ብቻ ሲሆን የቀሩት 224 ለምንጩ፥ ማለት ለገፊው ናቸው። ይህን ከቀድሞው ጋራ ላስተያየ ሰው ትምህርት ይገኝበታል። ቃሉን ለማስተላለፍ ቧንቧውን ማወቅ ብዙውን ሥራ ይሠራል፤ የሰውየውን ለዛ፥ ሳቁንና ሳጉን ለማስተላለፍ ግን ገፊውን ማክበር ያስፈልጋል። እናቲቱ ጕንፋኑን ያወቀችው ለዚህ ነው።

እነዚህ መሣሪያዎች ሁሉ አንድ ሰው ይናገራል ብለው ያምናሉ። ስለዚህ በዚህ ዐይነት ስልክ በገና ወይም የብዙ ሰው ዝማሬ ቢላክ ተበላሽቶ ይሰማል። መሣሪያው ብዙ አውታር በሚጮኽበት ቦታ አንድ ጕሮሮ ይፈልጋልና።

የሚገምተው መሣሪያ

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ሌላ ለውጥ መጣ። አውስትራሊያዊው ዴቪድ ሮው ኮዴክ ሁለት የተባለውን ሥራ ማንም በነጻ እንዲጠቀምበት አወጣ፤ ይህም በሴኮንድ ከ3,200 እስከ 700 ቢት ድረስ ወርዶ ንግግር ያስተላልፋል። ሬዲዮ ለደስታቸው የሚሠሩ ሰዎች በአጭር ሞገድ ይነጋገሩበታል። በ2018 አጥኚዎች የዚህን ሥራ 2,400 ቢት ሳይለውጡ በተቀባዩ በኩል ብቻ፥ ብዙ ንግግር ሰምቶ የተማረ መሣሪያ ተከሉበት፤ ድምፁም እጅግ ተሻሻለ። በ2021 ደግሞ ጉግል ሊራ ብሎ የሰየመውን በ3,000 ቢት የሚሠራ መሣሪያ አስተዋወቀ፤ መሣሪያው የሰለጠነው ከ70 በሚበልጡ ቋንቋዎች እንደ ሆነ ተገልጿል።

ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ነገር ግን ጥንቃቄ ያሻዋል። የቀድሞው መሣሪያ ሲሳሳት ይጮኻል፥ ይንተባተባል፤ ሰሚው «አልሰማሁም፥ ድገመው» ይላል። የተማረው መሣሪያ ግን የጐደለውን በለመደው ይሞላል። ስለዚህ ሲሳሳት ጥርት ባለ ድምፅ ሌላ ቃል ሊናገር ይችላል፤ ሰሚውም አይጠረጥርም። አልሰማሁም ከሚል መልእክተኛ ይልቅ ያልተባለውን አሳምሮ የሚያደርስ መልእክተኛ የበለጠ ይጐዳል።

ስለ ቋንቋችን

አሁን ወደ ራሳችን ጕዳይ ደርሰናል። እነዚህ መሣሪያዎች ደኅና መሥራታቸው የሚፈተነው ቃል እያሰሙ «ምን ሰማህ?» በማለት ነው። በእንግሊዝኛ የታወቀ አንድ ፈተና 96 ጥንድ ቃላት አሉት፤ የየጥንዱ ቃላት በመጀመሪያው ድምፅ ብቻ ይለያያሉ። ፈተናው ለእንግሊዝኛ መልካም ነው። ነገር ግን እንግሊዝኛ «ከ»ን ከ«ቀ»፥ «ተ»ን ከ«ጠ» የሚለይ ቃል የለውም፤ ስለዚህ ስለ እነዚህ ድምፆች ምንም ሊነግረን አይችልም።

«ጠ»፥ «ቀ»፥ «ጨ»፥ «ጰ»ና «ጸ» የሚነገሩት በልዩ መንገድ ነው። ማንቍርት ይዘጋል፤ ወደ ላይም ይነሣል፤ በአፍ ውስጥ የታፈነው አየር ተጨምቆ በድንገት ይፈነዳል። ከሳንባ የሚመጣ አየር በዚያች ቅጽበት የለም። ፍንዳታዋ እጅግ አጭር ናት፤ ከእርስዋም በኋላ አናባቢው እስኪጀምር ትንሽ ዝምታ ይከተላል። ንግግሩን በ22.5 ሚሊ ሴኮንድ እየቈረጠ በየቍራጩ አንድ ብርታት ብቻ የሚመዘግብ መሣሪያ ፍንዳታዋንና ዝምታውን በአንድነት ሊያደበዝዛቸው ይችላል። ያን ጊዜ ምን እንደሚሆን ተመልከቱ። «መጣ» እና «መታ»፥ «ጠረበ» እና «ተረበ»፥ «ቀሰሰ» እና «ከሰሰ» የሚለዩት በዚህች ቅጽበት ነው። ከሩቅ አገር የተደወለለት ዘመድ «ከበረ» የተባለውን «ቀበረ» ብሎ ቢሰማ ነገሩ የቀልድ አይደለም።

ሌላው የቋንቋችን ጠባይ መጥበቅና መላላት ነው። ገና የሚለው ቃል ሲላላ ጊዜው አለመድረሱን፥ ሲጠብቅ በዓሉን ያመለክታል፤ አለ የሚለውም ሲላላ መናገርን፥ ሲጠብቅ መኖርን ያመለክታል። ፊደላችን ይህን ልዩነት አይጽፈውም። መሣሪያው ግን ጊዜን በየቍራጩ ስለሚቈጥር፥ የጠበቀውም ድምፅ ከላላው ብዙ ቍራጭ ስለሚወስድ፥ ልዩነቱን ይዞ ያልፋል። በአንድ በኩል ከፊደላችን የሚበልጥ፥ በሌላ በኩል ድምፃችንን ሊያደበዝዝ የሚችል ጥበብ ነው።

ስለዚህ ለትምህርት ቤታችን የሳይንስ ክበብ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በ«ጠ»ና በ«ተ»፥ በ«ቀ»ና በ«ከ»፥ በ«ጨ»ና በ«ቸ»፥ በ«ጸ»ና በ«ሰ» የሚለያዩ የአማርኛ ጥንድ ቃላት እንሰብስብ። ከየጥንዱ አንዱን ቃል በዕጣ መርጠን፥ ዐረፍተ ነገር ሳንጨምር፥ ወንዶችም ሴቶችም ተማሪዎች እንዲናገሩት እናድርግ። በኮዴክ ሁለትና በመሰሎቹ በየመጠኑ አሳልፈን የማያውቁት ተማሪዎች የሰሙትን ይጻፉ። ስንት ቃል እንደ ጠፋና የትኛው ድምፅ አስቀድሞ እንደ ጠፋ ቈጥረን በሚመጣው ዓመት መጽሔት እናውጣው። ለዚህ ሥራ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ኮምፒዩተር፥ ማይክሮፎንና ትዕግሥተኛ ጆሮ ይበቃል።

ኬምፔለን በወናፍና በጐማ የጀመረው፥ ዱድሊ በወንፊት የለየው፥ አታልና ኢታኩራ በሒሳብ የገመቱት የሰው ጕሮሮ ለሁሉም አንድ ነው፤ የሚናገረው ቋንቋ ግን ልዩ ልዩ ነው። መሣሪያውን የሚሠራው ሰው የሚያውቀውን ድምፅ ይጠብቃል፤ የማያውቀውን ያለ ክፋት ይጥላል። «ቀ»ያችን ከ«ከ» እንድትለይ የሚጠይቅ ሰው ከእኛ በቀር ከየት ይመጣል? ጥያቄውም እንዲሰማ የቈጠርነውን ይዘን መቅረብ አለብን።